ተራ ቁጥር

ክፍል አንድ

የግንቦት ፀሐይ አዳማ ላይ ማንንም አትምርም። ገና ረፋድ ነው፣ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ መንጣጣት ጀምሯል። ነፋሱ የሜዳውን አቧራ እያዞረ ያነሳና የተሰለፈው ተማሪ ፊት ላይ ይደፋዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና መግቢያ ካርድ እየወሰዱ ነው። ዓመቱ 2008 ነው። ያን ዓመት ኦሮሚያ ውስጥ የተማረ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ከኅዳር ጀምሮ በተቃውሞው ምክንያት ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል ከርሞ፣ መምህራኑ መጽሐፉን ሳያጋምሱ ማትሪክ ደረሰ።

ቀበኔ ካርዷን እዚያው ሰልፉ ዳር ቆማ አየችው። ፎቶው የሷ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ልክ ነው። ስሟ ጋ ስትደርስ ግን ደጋግማ አነበበችው። በቁቤ ስሟ በ«ኪው» ነው የሚጀምረው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ጽፋዋለች፤ የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷም ላይ እንደዚያ ነው። ካርዱ ላይ ግን በ«ኬ» ተጽፏል።

«እትዬ፣ ስሜ ተሳስቷል» አለቻት ጸሐፊዋን።

«አልተሳሳተም።»

ጸሐፊዋ ይህን ስትል ካርዱን አላየችውም። ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።

አንድ ፊደል ምን ያመጣል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሬጅስትራር መስኮት ፊት የቆመ ሰው ግን ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። የ10ኛው ማስረጃ ላይ ሌላ፣ የ12ኛው ላይ ሌላ ከሆነ፣ «ሁለቱም እኔ ነኝ» ለማለት ከቀበሌ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት አዲስ አበባ መመላለስ አለ። ቀበኔ ደግሞ ሰቃይ ከሚባሉት ነች። ዓይኗን የጣለችው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው፤ እሱ ከማትሪኩ ሌላ የራሱን መግቢያ ፈተና የሚፈትን ግቢ ነው፣ ለአንድ ፊደል ጣጣ ጊዜ የለውም።

የባሰውን ያወቀችው ግን ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የመቀመጫ ዝርዝር ስታይ ነው። ተፈታኙ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች መጓጓዝ የጀመረው በ2015 መግቢያ ነው፤ ያኔ ሁሉም የሚፈተነው በየትምህርት ቤቱ ነበር። የነቀበኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ወንበሩን የሚደለድለው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። በ«ኪው» ብትጻፍ ከመጨረሻዎቹ ክፍሎች በአንዱ ትገባ ነበር። በ«ኬ» ሲሆን ቦታዋ ከ«ከበደ» ቀጥሎ ሆነ። ከሷ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከድር ነው።

ከድርን የማያውቅ የለም። ከኢተያ በላይ ካለ ገጠር መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚኖር ልጅ ነው። ንጋት ላይ በወንጂ ሸንኮራ አገዳ መሃል፣ በለስላሳው አፈር መንገድ ይሮጣል። በዞንም በክልልም ውድድር 5 ሺህ ሜትሩን ለትምህርት ቤቱ አሸንፏል፤ ዋንጫዎቹ ከርዕሰ መምህሩ ወንበር ጀርባ በመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል። ክፍል ውስጥ ያለው ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ፈተና በቀረ ቁጥር «ልምምድ ላይ ነው» ይባላል፤ ሮስተሩ ሲሞላ ደግሞ ፊዚክስ 78፣ ኬሚስትሪ 74 ይሆናል። የሒሳብ መምህሩ አንድ ቀን ስም እየጠሩ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር፤ የኛው ደግሞ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ይሄዳል» ብለው ክፍሉን አስቀውት ነበር። በተርሙ መጨረሻ እሳቸውም 70 ሞሉለት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትገባ ኮቹም እዚያ ነበር። ሦስተኛውን ሰውዬ አታውቀውም። ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ የታሸገ ውሃ ከእጁ የማይለይ፣ በየመሃሉ «ዩ ኖው» የሚል ጎልማሳ ነው።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ቲቸር፣ ካርዴ ላይ ስሜ…»

«እናውቃለን። ተቀመጪ።»

የጀመረው ኮቹ ነው። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ለከድር በሩጫው ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊሰጠው ነው። ትራንስክሪፕቱ ተልኳል። የቀረው የማትሪክ ውጤት ብቻ ነው። «አንቺ ፈተናሽን ትሠሪያለሽ፣ የመልስ ወረቀትሽን ወደ ጠርዝ ገፋ ታደርጊያለሽ። ሌላ ማንም ምንም አልጠየቀሽም።»

«የጥያቄው ኮድ ይለያያላ!»

«እሱን ለኛ ተይው።»

«ቢነቃስ? የሚሰረዘው የኔም ውጤት ነው።»

ባለስኒከሩ ሳቅ አለ። «የኔ እህት፣ እዚያም ያለ ነገር ነው። ቻፕል ሂል ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሰምተሻል? ማይክል ጆርዳን የተማረበት። አስተማሪ የማይገባበት፣ ክፍል የሌለው ኮርስ ነበራቸው፣ ዩ ኖው? አንድ ጽሑፍ ትሰጫለሽ፣ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ማርክ ትሰጥሻለች፣ በቃ። 18 ዓመት! ከ3,100 በላይ ተማሪ! ግማሹ ያህል ስፖርተኛ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ?»

«ሲያዙ ምን ተደረጉ?»

ሰውዬው ከውሃው ተጎነጨ። «ገና እየታየ ነው።»

(በዚህስ አልዋሸም። የምርመራው ሪፖርት በጥቅምት 2007 ወጥቶ፣ ጉዳዩ የኮሌጆቹን ስፖርት በሚመራው ማኅበር እጅ ነበር። ማኅበሩ በጥቅምት 2010 ሲወስን ዩኒቨርሲቲውን በኮርሶቹ ሳይቀጣው ቀረ፤ ኮርሱ ለማንም ተማሪ ክፍት ስለነበር ለስፖርተኛ የተሰጠ ልዩ ጥቅም ነው ማለት አልቻልኩም አለ። ይህን ማምለጫ የኛዎቹ ቀድመው ቢሰሙት ኖሮ መልሱን ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ያድሉት ነበር።)

ቀበኔ ተነሳች። «አባቴን ይዤ እመጣለሁ። ስሜን ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ያለሱ ፈቃድ ማንም አይለውጠውም።»

ኮቹና ርዕሰ መምህሩ ተያዩ። ርዕሰ መምህሩ መሳቢያቸውን ሳቡና አንድ ወረቀት አወጡ። ስም እንዲስተካከል የቀረበ ማመልከቻ ነው፤ የተጻፈው ጥር ላይ ነው። ከግርጌው ያለችውን፣ ጫፏ ወደ ላይ የምትጠመዘዘውን ፊርማ ቀበኔ ከሩቁ ለየቻት።

የአባቷ ፊርማ ነች።

ይቀጥላል

ክፍል ሁለት

ባለፈው ሳምንት ቀበኔን የአባቷ ፊርማ ፊት አቁመናት ነበር የተለያየነው። አሁን ቤቷ ነች፤ አባቷ ባጃጁን ከግቢው አስገብቶ እጁን እየታጠበ ነው።

ይህ ሰው ለፊደል ግድ የሌለው ሰው አይደለም። በ1984 ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር ጎረምሳ ነበር፤ የራሱን ስም በዚያ ፊደል የጻፈበትን ደብተር እስካሁን ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ቀበኔ ስትወለድ የቤቱን በር ውስጡን በሚስማር ጭሮ ስሟን ጽፎበታል። በሩ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ «ኪው»ዋ ግን አሁንም ትታያለች።

«አባዬ፣ ጥር ላይ ትምህርት ቤት መጥተህ ነበር?»

«ጠርተውኝ።»

«ምን ብለው?»

ፎጣውን ፈለገ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። «ኮምፒውተሩ ኪው አይቀበልም አሉኝ።»

ቀበኔ ሳቅ መጣባት፤ እንባዋም አብሮ። «ቀመርን ተቀብሏል። ቀነኒን ተቀብሏል። የኔን ብቻ ነው እምቢ ያለው?»

አባቷ ዝም አለ። እንጀራው ቀረበ፤ አልነካውም። እናቷ አንዴ እሱን አንዴ ልጇን እያየች ወጥ ጨመረችበት። ብዙ ቆይቶ፣ ባጃጁን በበሩ እያየ፣ «ሁለት ጎማ ገዝቶልኝ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ኮቹ። ስለ ልጅህ ጉብዝና ብለን ነው አለኝ። እኔም ምን ክፋት አለው አልኩ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ስፈርም ግን ሆዴ አልወደደውም ነበር።»

ሰው ሲሸነግሉት ሁልጊዜ አይታለልም። አንዳንዴ ጎማው ያለቀበት ሰው አውቆ ይታለላል። ቀበኔ ይህን በዚያ ማታ አልተረዳችለትም፤ ሳትናገረው ሄዳ ተኛች። ፈተናው ሰኞ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ነገ እሑድ፤ የሚከፈት ቢሮ የለም።

እሑድ ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ካለ በኋላ፣ የግቢው በር በቀስታ ተንኳኳ። ከድር ነበር። ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ክንዱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፣ በክልሉ ውድድር የተሸለመው ቱታ።

«አባትሽ አሉ?»

«ተኝተዋል። ምን ፈለግህ?»

«ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ነገ ወረቀትሽን ብታስጠጊልኝም ዋጋ የለውም።»

«አላስጠጋልህም። ግን ለምን ዋጋ አይኖረውም?»

ከድር ግድግዳውን ተደገፈ። 5 ሺህ ሜትር ሮጦ የማያልበው ልጅ ግንባሩ ወዝቷል። «ክቧን ማጥቆር እችላለሁ። የቱ ጋ ነው የሚጠቆረው፣ ኮድ የሚጻፈው የት ነው፣ መመሪያው ምን ይላል… እሱን አላውቅም። ማንበብ አልችልም ቀበኔ። እንግሊዝኛውን ጭራሽ። ሌላውንም እየቆጠርኩ ነው።»

«12ኛ ክፍል ደርሰህ?»

«ሰባተኛ ክፍል ነው መጀመሪያ የሮጥኩላቸው። አሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ‹እስቲ አንብብ› ብሎኝ አያውቅም።»

ቀበኔ በልቧ ይዛው የነበረው ንዴት መሄጃ አጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከድር ባለጊዜ ነበር ለሷ፤ ሳይሠራ 78 የሚሰጠው፣ እሷ በላምባ ያመጣችውን በጫማው የሚያመጣ።

«አሜሪካ ሄደህስ? እዚያ ምን ልትማር ነው?»

«ኮች እዚያም ሰው ይመድቡልሃል ብሎኛል።»

«የሚያነብልህ?»

«የሚጽፍልኝም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እናቴ ግን የተማርኩ ነው የሚመስላት። ደብዳቤ ሲመጣ እኔን ነው የምታስነብበኝ። እየፈጠርኩ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ከኪሱ ስልክ አወጣ። የኮቹ ስልክ ነው፤ መስታወቱ ከጥግ ተሰንጥቋል። «ይሄን የሆነ ሰው ማታ ለኮች ላከለት፤ ኮች ስልኩን ለኔ ሰጠኝ፣ ለሷ አሳያት አለኝ። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ እይው።»

ቀበኔ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው። የታተመ ገጽ ነው። ከላይ የአገር አቀፍ ፈተናዎች አርማ፣ ከሥሩ «እንግሊዝኛ»፣ ከሥሩ «ግንቦት 2008»። ጥያቄ ቁጥር 1።

ነገ ጠዋት የሚፈተኑት ፈተና ነው።

ይቀጥላል

ክፍል ሦስት

አነበበችው። እስከ 20ኛው ጥያቄ ድረስ አነበበችው፤ አላነበበችም ብዬ ጻድቅ ላደርጋት አልችልም። ከዚያ ስልኩን ለከድር መለሰችለትና «ሂድ ተኛ» አለችው። እሷ ግን አልተኛችም። ሃያውንም ታውቃቸዋለች፤ ስልኩን ባታይም ታውቃቸው ነበር። ያናደዳት እሱ ነው፤ ነገ ብትሠራቸው ማን ያምናታል?

ሲነጋ የሚያምንም የማያምንም ጠፋ። ሰኞ ግንቦት 22 ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር። ከሻይ ቤት እስከ ባጃጅ ተራ ሁሉም እጅ ላይ ነው። በአቶ ሽፈራው ሽጉጤ የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተፈታኝ ወደየቤቱ ተመለሰ። ያሰራጩት በውጭ ያሉ አክቲቪስቶች የኦሮሚያ ተማሪ በተቃውሞው ምክንያት ወራት ሳይማር ከርሞ ከሌላው እኩል መፈተን የለበትም፣ ጊዜ ይሰጠው ይሉ ነበር። ፈተናው ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ተዛወረ።

ስርቆት ነው ያለ ነበር፤ ፍትሕ ነው ያለም ነበር። ቀበኔ ሁለቱንም ስትሰማ ውላ ማታ ለአባቷ እንዲህ አለችው፦ «መልሱ ለአንድ ልጅ ሲታደል ጥር ላይ ወረቀት ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ ነው። ለሁሉም ሲደርስ ጊዜ ግን ወንጀል ሆነ።» አባቷ ጎማዎቹን እያየ ዝም አለ። በማግስቱ የ«ኪው»ዋን ማመልከቻ ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ፤ «ከፈተና በኋላ» ተባለ። ወረዳ ሄደ፤ «ትምህርት ቤቱ ይጻፍ» ተባለ። ትምህርት ቤቱ «ወረዳው ይፍቀድ» አለ። ሰኔን በሙሉ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ሲያመላልስ ከረመ፤ ራሱን።

ከድር ደግሞ ፈተናው በተሰረዘ በሦስተኛው ቀን መጣ። አንድ ደብተር ይዟል፤ ገና ዋጋው የተለጠፈበት።

«አስተምሪኝ» አለ።

«በአንድ ወር?»

«አንድ ዙር ቀርቶኝ ሰው ቀድሜ አውቃለሁ።»

እንዲህ ጀመሩ። ረመዳን ገባ፤ ከድር እየጾመ ከአስር ሶላት በኋላ እየመጣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከንፈሩ ደርቆ ይሰነጠቃል። ፀሐይዋ የተራሮቹን ጥላ ስታስረዝም ቱታውን አጥልቆ ይሮጥና ለማፍጠሪያ ሰዓት ይመለሳል፤ የቀበኔ እናት ቴምርና ሾርባ ታቀርብለታለች። ከፊደል ጀመረችለት። የእንግሊዝኛውን አንድ መስመር ለማንበብ ጣቱን ቃሉ ሥር እያስኬደ፣ የተሳሳተ ጊዜ ጣቱን አንስቶ ከመጀመሪያው ይመልሳል፤ መሃል ላይ መቀጠል የሚባል ነገር አያውቅም። ቀበኔ መጀመሪያ ትናደድ ነበር። በኋላ ነው የገባት፤ ሲሮጥ የተማረው እንዲያ ነው፣ ሰዓቱ ከተበላሸ ዙሩ እንደ አዲስ ነው።

ሒሳብ ሲደርሱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። «12 ዙር ተኩል፣ አንዱ በ68 ሰከንድ» አለችው፣ እርሳሷን እያሾለች።

«14 ደቂቃ ከ10» አለ ከድር።

እሷ ገና 12ትን በ68 እያባዛች ነበር። 850 ሰከንድ፣ ሲካፈል 14 ደቂቃ ከ10። ቀና ብላ አየችው።

«በ66 ብሮጠውስ?»

«13 ከ45። ግን አትሮጠውም፣ አዳማ ሞቃት ነው» አለች ሳቅ ብላ። በጭንቅላቷ ለመሥራት ስትሞክር ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። «ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ኮች ሰዓቱን ይነግረኛል፣ እኔ እከፋፍለዋለሁ።»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ይህ ልጅ ሒሳብ ይችል እንደሆነ የጠየቀው መምህር አልነበረም። 70 የሞሉለትም ሰውዬ አልጠየቁትም።

ከፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከድር ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። አጎቱ ቤት ስትሄድ ልብሱ የለም፤ «ኮቹ ወሰደው» አሏት። ኮቹን ሜዳው ላይ አገኘችው፤ ትንንሽ ልጆችን ያሮጣል።

«ቦቆጂ ልምምድ ገብቷል። ብርድ ይሻለዋል» አላት።

«ለፈተናው ይመጣል?»

«ከኋላሽ ይቀመጣል። አንቺ የራስሽን ሥሪ።»

አነጋገሩ ረጋ ያለ ነበር። ከግንቦቱ ይልቅ የተረጋጋ። ቀበኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን እርጋታ ነው የፈራችው።

የፈተናው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ሁሉም ተፈተሸ፣ ስልክ ተሰበሰበ። ፈታኞቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው፤ እዚህ ማንንም አያውቁም። ቀበኔ በ«ኬ» የተጻፈ ካርዷን ዴስኩ ላይ አስቀመጠች። ከፊቷ «ከበደ» ተቀመጠ። ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ በዓይኗ ጥግ ሰማያዊ ቱታ፣ ክንዱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አየች። ልቧ ረገብ አለ። መጣ ማለት ነው።

ዞር አለች።

የተቀመጠው ከድር አይደለም። ዕድሜው ከሃያ የዘለለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጣቶቹ በእስክሪብቶ የቀለሙ፣ አይታው የማታውቀው ሰው ነው። ቱታው ሰፍቶታል። ዴስኩ ላይ ያለው ካርድ የከድርን ስም ይዟል፤ ከስሙ ጎን ያለው ፎቶ ግን የሰውዬው ነው፣ ማኅተሙም ከፎቶው ጠርዝ ላይ በደንብ አርፏል።

ፈታኟ የፖስታውን ማሸጊያ እየቀደዱ ነው። አንዴ ጥያቄው ከታደለ በኋላ ከድር የሚባል ልጅ ማትሪክ ተፈትኗል፤ ውጤቱም ይወጣል፣ አሜሪካም ይሄዳል፤ እዚያም ሰው ይመደብለታል። እሷ ደግሞ ስሟ በተቀየረበት ወረቀት ላይ፣ በተቀየረ ሰው ፊት ተቀምጣ የራሷን ትሠራለች።

ቀበኔ እጇን አነሳች።

«ምንድን ነው እህቴ?» ፈታኟ ፖስታውን እንደያዙ ወደሷ መራመድ ጀመሩ። አንድ ረድፍ አለፉ። ሁለት።

ባለመነጽሩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መሰለ። «እጅሽን አውርጂ» አላት በሹክሹክታ፣ ጀርባዋ ሥር። «ከድር ቦቆጂ አልሄደም። ያለበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ይቀጥላል